ከንጋት በኋላ ያለው ግጥም፦ ጆን ደን እና የሥጋ ፍቅር ሒሳብ

የዚህ ቻናል ተከታዮች ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ባሕር በር እና ስለ ነዳጅ ሰልፍ ማንበብ ለምዳችኋል። ዛሬ ግን የማወራው ከ400 ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ስለተጻፉ ግጥሞች ነው። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ፤ ጉዳዩ ሩቅ ይምሰል እንጂ በየማታው ስልካችን ላይ የሚንጫጫ ጉዳይ ነው።

ፍቅር ዛሬ ሁለት ዓይነት ነጋዴ አለው። አንደኛው በሙዚቃ ክሊፕ፣ በፊልም እና በሠርግ ቪዲዮ «አንዴ ካገኘኸው ሁሉም ነገር ይሞላል» እያለ ይሸጣል። ሁለተኛው ደግሞ አንደኛው ሸጦ ያሳዘናቸውን ደንበኞች ሰብስቦ «ሁሉም ውሸት ነው፤ ሴት እንዲህ ናት፤ ወንድ እንዲህ ነው፤ ንቁ!» እያለ ይሸጣል። የሁለተኛው ሱቅ ጥሬ ዕቃ የሚመጣው ከአንደኛው ነው። ሁለቱ ጠላት ቢመስሉም በአንድ ሰንሰለት ላይ ያሉ አምራችና አከፋፋይ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ልቡ የተሰበረ የ20 ዓመት ልጅ ያለው ምርጫ እነዚህ ሁለቱ ብቻ መምሰላቸው ነው።

ሁለቱንም ሱቆች ከውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ጆን ደን ይባላል (በእኛ ቋንቋ ጫካ ይመስላል፤ አነባበቡ ግን እንዲሁ ነው)። በ1572 ለንደን ተወልዶ በ1631 እዚያው የሞተ ገጣሚ፣ የሕግ ተማሪ፣ ወታደር፣ ጸሐፊ፣ እስረኛ፣ ቄስ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ደን «ሜታፊዚካል» ከሚባሉት ገጣሚዎች ቀዳሚው ነው። እነሱ ግን ራሳቸውን በዚህ ስም ጠርተው አያውቁም፤ ማኅበርም፣ መግለጫም አልነበራቸውም። ጆን ድራይደን በ1693 «ይህ ሰው በፍቅር ግጥም ውስጥ እንኳ ፍልስፍና ያበዛል» በሚል ስሜት ወቀሰው። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1779 የአብርሃም ካውሊን ታሪክ ሲጽፍ ስሙን ለመላው ቡድን ለጠፈው፤ ለምስጋናም አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ተረስተው ኖሩ። በ1921 ኸርበርት ግሪርሰን ግጥሞቻቸውን በመድብል ሲያሳትም ቲ.ኤስ. ኤልየት ስለ መድብሉ የጻፈው መጣጥፍ ነው ወደ ክብራቸው የመለሳቸው። ከስድብ የተሠራ ስም የማዕረግ ስም ሆነ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ አንባቢ እነዚህን ሰዎች ለመረዳት ከብዙ እንግሊዛዊ ተማሪ ይልቅ የቀለለ በር አለው፤ ቅኔ። ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አገናኝቶ ሦስተኛ ትርጉም ማውጣት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ በቅኔ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ ወርቁም ድብቅ ነው። ደን ግን ሰሙንም ወርቁንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንደ ጠበቃ ይከራከርባቸዋል። ሊንከንስ ኢን በተባለው የሕግ ትምህርት ቤት የቆየ ሰው ነውና የክርክር ልምዱ ግጥሙ ውስጥ ገብቷል።

የዛሬው ጉዳዬ «ፍቅርን መሰናበት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ግጥሙ ነው። አብዛኛው የፍቅር ግጥም በር ላይ ያበቃል። ገጣሚው ይመኛል፣ ያለቅሳል፣ ይለምናል፤ በሩ ሲከፈትለት ግጥሙ ይዘጋል። ደን ግን ገብቶ፣ ወጥቶ፣ በማግሥቱ ቁጭ ብሎ ያየውን ይናገራል። የሚናገረውም ደስ የሚል አይደለም።

ክርክሩ እንዲህ ነው። ገና ሳልቀምሰው በፍቅር ውስጥ አንድ አምላክ ያለ መስሎኝ ነበር ይላል። ሊሞት የተቃረበ ከሃዲ ስሙን የማያውቀውን ኃይል እንደሚጠራ፣ እኔም የማላውቀውን ነገር አመለክሁ። ከዚያ ምሳሌው ይመጣል። ልጅ ከዓመት ገበያ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ይገዛለታል፤ በወርቅ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ፣ ምናልባት ከዝንጅብል ዳቦ የተሠራ። እስኪያገኘው ድረስ ያለቅስለታል። ሦስት ቀን ሳይሞላ ዞር ብሎም አያየውም። ፍቅርም እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ የስሜት ሕዋሳትን ሁሉ ያስደስታል፣ ሲያዝ አንዱን ብቻ፤ ያም ሲያልፍ አእምሮ ላይ አንድ ዓይነት የድብታ ሐዘን ይተዋል።

እዚህ ምሳሌ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰዎች በችኮላ የሚያልፉት ይመስለኛል። በሦስት ቀን ውስጥ የተለወጠው ማን ነው? አሻንጉሊቱ አልተለወጠም። ዙፋኑም ያው ነው፤ ወርቅ ቅቡም አልለቀቀም። ልጁን ያታለለው ነጋዴ እንኳ የለም፤ የተገዛለት ያየው ዕቃ ራሱ ነው። የተለወጠው የልጁ ዓይን ነው። ደን ራሱን ከልጁ ጋር ሲያመሳስል፣ ጥፋቱን ሴቲቱ ላይ አላደረገም፤ ሥጋ ላይም አላደረገም። ከዳቦ ንጉሥ እውነተኛ ንግሥና የጠበቀ ልጅ ነበርኩ ማለቱ ነው። ይህ ንስሐ አይደለም፣ ስብከትም አይደለም። የምርመራ ውጤት ነው።

ቀጥሎ ጥያቄ ያነሳል። ዶሮና አንበሳ ከዚያ ነገር በኋላ ደስተኛ እንደሆኑ ይቀጥላሉ ይባላል፤ እኛ ለምን አንችልም? ከጥንቱ ሐኪም ከገሌን ስም ጋር ተያይዞ የሚነገር የቆየ አባባል ነበር፤ ከተራክቦ በኋላ ፍጥረት ሁሉ ይከፋዋል፣ ከጥቂቶች በቀር የሚል። ደን መልስ ሲፈልግ የዘመኑን ሕክምና ይጠቅሳል፦ እያንዳንዱ ተራክቦ ከሰው ዕድሜ አንድ ቀን ይቀንሳል ይላሉ፤ ምናልባት ተፈጥሮ ያንን ሐዘን ያስቀመጠችው ዕድሜያችንን በሙሉ እንዳንጨርስ ለጥበቃ ይሆናል። እዚህ ጋ ያሉት ጥቂት መስመሮች እጅግ የተወሳሰቡ ናቸው፤ ሥርዓተ ነጥቡን እንኳ እንዴት ማስቀመጥ እንዳለባቸው ምሁራን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ግጥሞቹ ደን በሕይወት ሳለ በእጅ ጽሑፍ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲዞሩ ኖረው በመጽሐፍ የታተሙት ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1633 ስለሆነ፣ ቀርቦ የሚጠየቅ ባለቤት የለም።

በመጨረሻም ይምላል። ከእንግዲህ የሚጎዳኝን ነገር አላሳድድም፤ ውበት ሲያጋጥመኝም ሰው የበጋን ፀሐይ እንደሚያደንቃት አደንቃለሁ፣ ከሙቀቷ ግን እርቃለሁ። ቆንጆ መሐላ። ግን ግጥሙ የሚዘጋው በመሐላው ሳይሆን ስለ ትል መድኃኒት በተነገረ የብልግና ቀልድ ነው። ቀልዱ ምን ማለት እንደሆነም ክርክር አለ። እኔ የሚሰማኝ ግን ሰውየው መሐላው እንደማይጸና ማወቁ ነው። ተሰናብቶ ሲያበቃ ከበሩ ሳይርቅ የሚስቅ ሰው ይመስላል።

ይህን ሁሉ ስናነብ አንድ ታሪካዊ ነገር መርሳት የለብንም። ፔትራርክ ከሚባለው ጣሊያናዊ ጀምሮ ለ200 ዓመት ያህል የአውሮፓ ገጣሚ ሥራው ከሩቅ ማምለክ ነበር። ፔትራርክ ላውራ ለምትባል አንዲት ሴት ከ300 በላይ ግጥሞች ጻፈ፤ በግጥሞቹ ውስጥ ግን ጨርሶ አላገኛትም። ሴቲቱ በዙፋን ላይ፣ ገጣሚው እግሯ ሥር። ይህ ዓይነቱ ፍቅር ተስፋ አያስቆርጥም፤ የሚፈተንበት ቀን የለውምና። የደን ትውልድ ግን ሰልችቶት ወደ ዙፋኑ ቀረበ። ሲቀርብ ያገኘው ሰው ነው። ስለዚህ የደን ተስፋ መቁረጥ የሥጋ ጥፋት ሳይሆን የ200 ዓመት ማጋነን የመጣበት ዕዳ ነው እላለሁ። ደን ሒሳቡ የደረሰው ሰው ነው፤ ምግቡን ያዘዙት ግን ቀድመውት የነበሩት ናቸው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ግጥም ልምጣ፤ «የፍቅር አልኬሚ»።

አልኬሚ በዚያ ዘመን የመንደር ጥንቆላ አልነበረም። ተራ ብረትን ወርቅ እናደርጋለን፣ በሽታን ሁሉ የሚፈውስ ቅመም እናወጣለን የሚሉ ሰዎች በነገሥታት ግቢ ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር፤ በፕራግ የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ ቤተ መንግሥት የታወቀ መናኸሪያቸው ነበር። ቤን ጆንሰን በ1610 ሙሉ ተውኔት ጽፎ ተሳለቀባቸው። ደን ያነሳው ምሳሌ እንግዲህ ለአንባቢው ትኩስ ነበር። አልኬሚስቱ ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ይፈልጋል፣ አያገኝም። ነገር ግን ማሰሮው ውስጥ በአጋጣሚ ጥሩ ሽታ ያለው ነገር ወይም ለሕመም የሚሆን ቅመም ሲያገኝ ማሰሮውን ያሞግሳል። ፍቅረኞችም እንዲሁ ናቸው ይላል፤ ረጅምና ባለጸጋ ደስታ ያልማሉ፣ የሚያገኙት ክረምት የመሰለች አጭር የበጋ ሌሊት ነው።

እስከዚህ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ። እንዲያውም ምሳሌው ከገበያው ልጅ ይልቅ የሰላ ነው፤ ሰው ያላገኘውን ነገር አገኘሁ እያለ እንዴት እንደሚኖር ያሳያል። በየማኅበራዊ ሚዲያው የባልና ሚስት ዓመታዊ በዓል ፎቶ ሲለጠፍ ማሰሮው እየተሞገሰ መሆኑን የሚጠረጥር ሰው አይጠፋም። (ሁሉም አይደለም። ደግሞ ጥሩ ሽታ ያለው ነገር ማግኘትስ ቀላል ነው እንዴ?)

ነገር ግን ግጥሙ መጨረሻው ላይ ፊቱን ያዞራል። ከሴቶች አእምሮ አትጠብቁ ይላል፤ በጣፋጭነታቸውም በብልሃታቸውም ጫፍ ላይ ቢሆኑ፣ ከተያዙ በኋላ ማሚ ናቸው። ማሚ ማለት ደርቆ የቆየ ሬሳ ነው፤ በዘመኑ የመድኃኒት መደብሮች ውስጥ እንደ መድኃኒት ይሸጥ ነበር። ስድቡ ተራ አይደለም፤ ነፍስ የሌለው፣ ለጊዜው የሚያድን የሚመስል ሥጋ ማለቱ ነው።

ብዙ ተንታኝ እዚህ ጋ ሲደርስ ደንን ለማዳን ይሮጣል። ተናጋሪው ደን ሳይሆን ደን የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ነው ይላሉ። ሌሎች ለሊንከንስ ኢን ጎረምሶች ጓደኞቹ የጻፈው የመሸታ ቤት ጉራ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። እኔ ግን ግጥሙ እዚህ ጋ እንደ ክርክር ይወድቃል ባይ ነኝ፤ የወደቀበት ምክንያትም ከሥነ ምግባር በፊት የሎጂክ ነው። አልኬሚስቱ ወርቅ ያላገኘው ማሰሮው ከሃዲ ስለሆነ አይደለም። ወርቅ ከዚያ ስለማይወጣ ነው። ግጥሙ በራሱ ምሳሌ ቢጸና ኖሮ የሚወቅሰው የአልኬሚስቱን ሕልም ነበር። እሱ ግን ማሰሮውን ሰበረ።

የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ይህን እንቅስቃሴ በሌላ ቦታ ያውቀዋል፤ የአምኖንንና የትዕማርን ታሪክ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል። አምኖን በምኞት ታመመ፣ ከሳ፣ አልጋ ያዘ። እኅቱን በግፍ ከደፈራት በኋላ የጠላት ጥላቻ ቀድሞ ከወደዳት ፍቅር በለጠ፤ አስወጥቶ በሩን አስዘጋባት። ያ የግፍ ወንጀል ነው፣ የደን ግጥም ደግሞ ግጥም ነው፤ አላምታታቸውም። ግን ምኞት ባዶውን ሲያገኝ ባዶነቱን በሌላው ሰው ላይ የሚጽፍበት መንገድ አንድ ነው። «ንቁ» የሚሉት ቻናሎች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራም ይኸው ነው። አንድ ወጣት «የጠበቅሁትን አላገኘሁም» ብሎ ይመጣል። ይህ እውነት ነው፤ ሊከበርለትም ይገባል። በሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ግን «የጠበቅሁትን አላገኘሁም» የሚለው «ሴቶች ባዶ ናቸው» በሚለው ተተክቷል። በዶሮና በአንበሳ ግጥም እና በማሚው ግጥም መካከል ያለው ርቀት ማለት ይህ ነው።

የደን ሕይወት ለዚህ ክርክር የማይደበቅ ማስረጃ ያቀርባል።

በ1590ዎቹ መጨረሻ ደን የንግሥቲቱ ማኅተም ጠባቂ የሆነው የሰር ቶማስ ኤገርተን ጸሐፊ ሆነ። ካቶሊክ ሆኖ ለተወለደ፣ ወንድሙ ሄንሪ ቄስ በመደበቁ ታስሮ በ1593 እስር ቤት ውስጥ ለሞተበት ሰው ይህ ታላቅ ዕድል ነበር። በዚያ ቤት የኤገርተን ሚስት የወንድም ልጅ የሆነችውን አን ሞርን አገኘ። በታኅሣሥ 1601 አካባቢ በድብቅ ተጋቡ። እሱ 29፣ እሷ 17 ዓመቷ ነበር። አባቷ ሲሰማ አሳሰረው፤ ሥራውም ሄደ። ከእስር ከወጣ በኋላ ጋብቻው ሕጋዊ ነው ተባለ፣ ሥራው ግን አልተመለሰም። ለዓመታት በዘመድና በደጋፊ ችሮታ እየኖሩ በሚቻም በጠባብ ቤት ልጆች አሳደጉ።

አን ከ16 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 12 ጊዜ ወለደች። ሁለቱ ሞተው ነው የተወለዱት። የመጨረሻው ሞቶ በተወለደ በአምስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 1617፣ እሷም ሞተች። 33 ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደዚያ የሕክምና ሒሳብ ተመለሱ። እያንዳንዱ ተራክቦ ከዕድሜ አንድ ቀን ይቀንሳል። ከማን ዕድሜ? ግጥሙ የሚያስበው ስለ ወንዱ ነው፤ ድብታው የሱ፣ የጠፋው ቀን የሱ፣ መሐላውም የሱ። ደን ግን 60 ሊሞላው ሲቃረብ ሞተ፤ ለዘመኑ ደህና ዕድሜ ነው። ያጠረው የአን ዕድሜ ነው። ሐኪሞቹ ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ የጻፉት በተሳሳተው ስም መዝገብ ላይ ነው።

ይህን ግጥሙ ከጋብቻው በፊት ይጻፍ በኋላ ስለማናውቅ እንደ ክስ አላቀርበውም። የፍቅር ግጥሞቹ የተጻፉበት ዓመት በአብዛኛው አይታወቅም፤ «ወጣትነቱ ሴሰኛ፣ ጎልማሳነቱ ባለትዳር፣ ሽምግልናው ቅዱስ» የሚለውን መሰላል የሠሩት አንባቢዎች ናቸው። ደን ራሱም ትንሽ አግዟቸዋል፤ በ1619 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ አንድ የወጣትነት መጽሐፉን የጻፈው ጃክ ደን እንጂ ዶክተር ደን አይደለም ብሎ ራሱን ለሁለት ከፈለ። ነገር ግን ስለ ሥጋ ፍቅር ተስፋ መቁረጥ የጻፉትን ወንዶች ስናነብ ከአልጋው ማዶ ያለችው ሰው ምን ከፈለች የሚለውን ጥያቄ ማንሳት ፌሚኒስት መሆንን እንኳ አይጠይቅም። መደመርና መቀነስ መቻል ይበቃል።

ለነገሩ ደን ያን ማዶ ጨርሶ አያውቀውም ማለት አይቻልም። «የንጋት መቅደድ» ልንለው የምንችል አጭር ግጥም አለው፤ ተናጋሪዋ ሴት ናት። ነግቷል፣ ሰውየው ሊሄድ ይነሳል። ለምን? ብርሃን ስለሆነ? ጨለማ ስለሆነ ነበር እንዴ የተኛነው? ትለዋለች። ቀጥላ ድሃውን፣ መልከ ጥፉውን፣ ውሸታሙን ሁሉ ፍቅር ሊቀበል ይችላል፣ ሥራ የበዛበትን ሰው ግን አይችልም ትላለች። ይህም ከሥጋ ፍቅር በኋላ ያለ ተስፋ መቁረጥ ነው። ግን እንዴት ይለያል! እሱ ተኝቶ ሲነሳ ስለ ነፍሱ ድብታ ይፈላሰፋል፤ እሷ የምታየው ጫማውን የሚያጠልቅ ሰው ነው። የወንዱ ሐዘን ሜታፊዚክስ ሆነ፤ የሷ ሐዘን የሰዓት ጉዳይ ነው። እኔ ከሁለቱ የሷን ይበልጥ አምነዋለሁ።

ከደን በኋላ የመጡት ጉዳዩን በየፊናቸው ወሰዱት። ካውሊ በ1647 ባሳተመው «እመቤቲቱ» በተባለ መድብሉ ውስጥ «ማግኘትን በመቃወም» የሚል ግጥም አለው፤ ሰክሊንግ የተባለው የቤተ መንግሥት ገጣሚም በዚያው ርዕስ ጽፏል። ሐሳባቸው፦ ካገኘኸው ይረክሳል፣ ስለዚህ አታግኘው፣ ተስፋውን ያዝ። ይህ የሳሎን ጨዋታ ነው። ደን የተጎዳበትን ነገር እነሱ ፋሽን አደረጉት። አንድሩ ማርቬል ይሻላል፤ ፍቅሩን የተስፋ መቁረጥና የአለመቻል ልጅ ያደርገዋል፣ ሁለቱን ሰዎች ደግሞ እስከ ዘላለም ተጓዳኝ ሆነው የማይገናኙ መስመሮች። እዚያ ቢያንስ ሕመሙ ይሰማል።

ጆርጅ ኸርበርት የተለየ ነው። በ16 ዓመቱ፣ በ1610 መጀመሪያ፣ ለእናቱ ሁለት ግጥሞች ላከላት፤ ቅኔ ለምን የሥጋ ፍቅር አገልጋይ ብቻ ይሆናል፣ ለእግዚአብሔርስ ለምን አይሆንም እያለ። በነገራችን ላይ ይህች እናት፣ ማግዳለን ኸርበርት፣ የደን ወዳጅና ደጋፊ ነበረች፤ በ1627 በመታሰቢያዋ ላይ የሰበከው ደን ነው። ኸርበርትን እወደዋለሁ። ግን ሳይቀምሱ መተው እና ቀምሶ ማዘን አንድ አይደሉም፤ የ16 ዓመት ልጅ ዓለምን ንቄያለሁ ሲል ማመን ይከብደኛል። ትልቁ ኸርበርት ግን አለ። የመድብሉን ዋና ክፍል የሚዘጋው ግጥም ላይ ፍቅር የተባለው አምላክ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ይመጣል፤ እንግዳው አይገባኝም እያለ ያፈገፍጋል፣ በመጨረሻ ቁጭ ብሎ ይበላል። ሥጋን አልፎ የሄደ የመሰለን ሰው በመብል ጨረሰ።

ደንም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ1615 ቀሰሰ፣ በ1621 የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አስተዳዳሪ ሆነ። ስለ አምላክ ሲጽፍ የሥጋን ቋንቋ ጣለው? አልጣለም። በታወቀው የጸሎት ግጥሙ ውስጥ አምላኩን እንደተከበበች ከተማ፣ ለጠላት እንደታጨች ሴት ሆኖ ይለምነዋል፤ የሚጠቀማቸው ቃላት ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢነበቡ ያሳፍራሉ። ስለ አን ሞት በጻፈው ግጥም ደግሞ እሷን መውደድ አምላክን ወደመፈለግ እንደመራው ይናገራል፤ ግን ጠግቤያለሁ አይልም፣ ጥማቱ አለ። ሁለተኛ አላገባም።

«ተመስጦ» ልንለው የምንችለው ረጅም ግጥሙን የሚያነብ ሰው ደግሞ ከስንብቱ ጋር እንዴት እንደሚያስታርቀው ይቸገራል። ሁለት ሰዎች ወንዝ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቀመጣሉ፤ ነፍሶቻቸው ወጥተው ይነጋገራሉ። በዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነፍሶቹ ግን ወደ ሥጋቸው ይመለሳሉ፤ አለዚያ አንድ ታላቅ ልዑል እስር ቤት ተቀምጦ ይቀራልና። ሥጋ እዚህ ወጥመድ አይደለም፣ ልዑሉ የሚወጣበት በር ነው። በ1938 ሲ.ኤስ. ልዊስ የደንን የፍቅር ግጥም አብዝቶ ሲነቅፍ ጆአን ቤኔት በዚያው መጽሐፍ ውስጥ መልስ ሰጠችው፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። አንዳንዶች «የቱ ነው እውነተኛው ደን?» ይላሉ። ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ነው። አንድ ሰው ማክሰኞ በሚስቱ ሊደሰት፣ ሐሙስ ደግሞ ጣሪያውን እያየ «ይሄው ነው በቃ?» ሊል ይችላል። ሁለቱንም ያለ እፍረት የጻፈ ሰው ነው ያልተለመደው።

ስለዚህ ለሁለቱ ነጋዴዎች ያለኝ መልስ የስንብቱ ግጥም የመጀመሪያ ሐሳብ ላይ ነው፤ አምላክ መስሎኝ ነበር የሚለው ላይ። ክሊፑ አምላክ ነው ብሎ ይሸጥልሃል። ቻናሉ አምላክ እንዳልሆነ ያወቅህ ዕለት ጣዖቱን ስበር ይልሃል፤ ጣዖት የተባለችው ግን የሆነ ሰው ልጅ ናት፣ ስም ያላት፣ ጠዋት ሥራ የምትገባ። በሁለቱም ዘንድ እሷ አልተጠየቀችም።

አስተያየት መስጫው ክፍት ነው፤ ስድብ እንደተለመደው ይጠፋል። «የፍቅር አልኬሚ»ን መጨረሻ ቆርጣችሁ ለመለጠፍ የተዘጋጃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለጥፉ፤ ግን ከሥሩ «የንጋት መቅደድ»ንም ለጥፉ። ያች ሴት ካልጋው ላይ ሆና ገና መልስ እየጠበቀች ነው።